የአባ ቀልጥፍ አሽከር

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በክፍሉ ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። አንደኛ እኔ፤ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ነበር። ሁለተኛ ሠዓሊዋ፤ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ። ሦስተኛ ታሪኩን የጻፈው ባልንጀራዬ፤ ወረቀቱን ይዞ ቆሞ። አራተኛ እናቴ፤ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ። አምስተኛ አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፤ ጋቢውን እንደ ለበሰ፣ ዱላውን እንደ ያዘ፣ ክፍሉ መሀል ቆሞ ማይኩን እንደ እባብ ያየዋል። ስድስተኛም ካላችሁ ጃርቱ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ አፉን ከፍቶ ድምፅ የሚሰጠውን ሰው ይጠብቃል። የሰዎቹን ስም ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። ደብረ ማርቆስ ላይ ማን የማን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ ለማያውቅ ደግሞ ስማቸው ምንም አይጨምርለትም።

ስለ ጃርቱ ልናገር። በተረት ላይ በተሠሩ አስቂኝ የካርቱን ፊልሞች ውስጥ ልዑሉ ወይም ልዕልቷ መልከ መልካም፣ ደህና ልጆች ናቸው። ከጎናቸው ግን አንድ ትንሽ እንስሳ አይጠፋም፤ ባርኔጣ ያደረገ፣ ሰይፍ የታጠቀ፣ ከቁመቱ በላይ የሚናገር። ፊልሙ ሲያልቅ ልጆች የልዑሉን ፊት ይረሱታል፤ የእንስሳውን አካሄድ ግን በማግሥቱ ግቢ ውስጥ ሲያስመስሉት ታያላችሁ። አኒሜሽን መሥራትን የተማርኩት ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ብቻዬን ነው፤ ስማርም ከሁሉ አብልጬ የመረመርኩት እነዚህን አጃቢዎች ነው። መጀመሪያ እግራቸው እንደሚቀድም፣ ቀጥሎ ደረታቸው እንደሚመጣ፣ ጅራታቸው ዘግይቶ እንደሚከተል፣ አፋቸው ከሁሉም መጨረሻ እንደሚከፈት እያቆምኩ እየመለስኩ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። ጉራቸው የኛ ጉራ አይደለም። ሰይፍ ያሽከረክራሉ፣ ባርኔጣ አውልቀው እጅ ይነሳሉ። እኛ ዘንድ ጉራ የሚነዛ ሰው ባርኔጣ አያወልቅም። ወደ ፊት ይንደረደራል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይፎክራል።

ስለዚህ ሦስታችን የራሳችንን ለመሥራት ተነሳን። ታሪኩ አጭር ነው። ጅብ የንጉሡን ነጋሪት ይሰርቃል። ነጋሪት ከሌለ አዋጅ የለም፤ አዋጅ ከሌለ ደግሞ ገበያ የሚቆመው በየትኛው ቀን እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ ጠፍቶ አገሩ ይደበላለቃል። ንጉሡ ታናሽ ልጁን ነጋሪቱን እንዲያመጣ ይልከዋል። ልጁ ፈሪ ነው፤ የራሱ ጥላ ያስደነግጠዋል። አብሮት የሚሄደው ጃርት ነው። ጃርት ይሁን ያለችው ሠዓሊዋ ናት። «ጦር ከማንም የማይቀበል ወታደር እሱ ብቻ ነው፤ ከጀርባው መዝዞ ይወረውራል» አለች። ከበቆሎ ጸጉር ጎፈር ሠርታ ራሱ ላይ ደፋችለት። ጃርቱ በየጦርነቱ እሾሁን እየነቀለ ስለሚወረውር ፊልሙ ሲጋመስ መመለጥ ይጀምራል፤ ወደ መጨረሻው የተላጠ ድንች ይመስላል፤ ጉራው ግን አይቀንስም።

የአብዛኞቹን ድምፅ እኔ ሠራሁ። ለጅቡ አፌን ባልዲ ውስጥ ከትቼ ተናገርኩ፤ አምሮ ወጣ። ጃርቱ ላይ ግን ተሸነፍኩ። ድምፄ ቀጭን ነው፤ በተፈጥሮዬም ጮክ ብዬ አልናገርም። ባልንጀራዬ ቀረጻዬን ሰምቶ፣

«ያንተ ጃርት ጦር ሲወረውር ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል» አለኝ።

ልክ ነበር።

እናቴ አጎቴን ያመጣችው ያን ጊዜ ነው። ደብረ ኤልያስ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ነው፤ እኛ ልጆች «አያ» እንለዋለን። በአገሩ ሠርግ ሁሉ ለፉከራ የሚጠራው እሱ ነበር። ነበር ያልኩበትን ምክንያት ለመናገር ግን ስለ አባቴ ፈረስ መናገር አለብኝ።

አባቴ ጤፍና ስንዴ የሚያርስ ሰው ነበር፤ ጦርነት አልዋለም። ነገር ግን ፈረስ ነበረው፣ ስሙ ቀልጥፍ የሚባል። ፈረሱ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀን ቀልጥፎ አያውቅም። ገበያ ሲሄዱ አባቴ በፈረስ፣ ጎረቤቱ በእግሩ ይነሳሉ፤ ጎረቤቱ ሸጦ ሸምቶ ሲመለስ አባቴን መንገድ ላይ ያገኘዋል። በወጉ ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ የለ? የመንደሩ ሰው ለቀልድ አባቴን «አባ ቀልጥፍ» አለው። ቀልዱ እየዋለ እያደረ ስም ሆነ። አጎቴ ደግሞ ቀልድ ነው ብሎ አልተወውም። ፎካሪ ሲነሳ መጀመሪያ የማን አሽከር እንደሆነ ይናገራል፤ አጎቴም በየሠርጉ ብድግ ብሎ «ዘራፍ! የአባ ቀልጥፍ አሽከር!» ይል ነበር። ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ሁለተኛ ሲለው ዝም ይላል። ሦስተኛ ሲለው ሴቶቹ እልል ይላሉ።

አባቴ ሲሞት አጎቴ ፉከራ ተወ። በአንድ ዘመዳችን ሠርግ ላይ ዱላ አቀብለው «በል እንጂ!» ሲሉት ዱላውን ለጎረቤቱ አሳልፎ፣ «ጌታዬን ቀብሬ የማን አሽከር ነኝ ልበል?» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታም ቀነሰ፤ ሰው ቤት መሄድም ተወ። መንደሩ «ድምፁን ከወንድሙ ጋር ቀበረው» ይለው ጀመር። ይህ ነገር ከማንም ይልቅ እናቴን ያንገበግባት ነበር። «አንዱን ሞት ወሰደብኝ፤ ሌላውን በሕይወቱ ሳለ አልቀብርም» ትላለች። ስለዚህ አጎቴ መነጽር ሊያሠራ ደብረ ማርቆስ ሲመጣ፣ ዕቃ የምታሳየው አስመስላ እኛ ክፍል አስገባችው።

ነገሩን ስናስረዳው ጃርቱን በአዲሱ መነጽር ጠጋ ብሎ አየው።

«ጃርት ነኝ ልበል?»

«አዎ፣ አያ» አልኩት።

ወደ እናቴ ዞረ። «ዘንድሮ ድንቼን ማን እንደጨረሰው ያውቃሉ፣ እትዬ?»

«ጃርት ነው» አለች እናቴ።

«ድንቼን ወሰደ፤ አሁን ደግሞ ድምፄን ልጨምርለት?»

«ድምፅማ የት አለህና? ካለህ አሰማና።»

ሠዓሊዋ አፏን በእጇ ያዘች። አጎቴ እናቴን አየት አደረጋትና ጋቢውን አስተካከለ። ባልንጀራዬ ዕድሉ እንዳያመልጠው ቶሎ ብሎ ወረቀቱን አነበበለት።

«ዘራፍ! ዘራፍ! የልዑሉ ጓደኛ!»

«የምን ጓደኛ?» አለ አጎቴ።

«ጃርቱ የልዑሉ ጓደኛ ነው፣ አያ።»

«ጓደኛማ ጠላ ቤት አብሮኝ የሚቀመጥ ነው። በጓደኛ ተፎክሮ ያውቃል? አሽከር ነው የሚባለው።»

«አውቃለሁ፤ መጀመሪያ እሱን ነበር የጻፍኩት» አለ ባልንጀራዬ። «የሚያዩት ልጆች ናቸው። ከተማ ውስጥ አሽከር ማለት ጫማ የሚጠርግ፣ ና ቢሉት የሚሮጥ ሆኗል፤ ስድብ ነው። ደግሞ አያ፣ ልዑሉ ፈሪ ነው። ለፈሪ አሽከር ነኝ ሲል ሰው ይስቅበታል።»

«ይሳቅ! ለጀግና አሽከር መሆንማ ማንን ያቅተዋል?»

ባልንጀራዬ ክርክር የሚወድ ሰው ነው፤ በዩኒቨርሲቲም በዚህ ይታወቅ ነበር። ይህን ጊዜ ግን ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና «ጓደኛ» የሚለውን ሰርዞ «አሽከር» ብሎ ጻፈ። «አሁን ፊልሙ ስለምን እንደሆነ ገባኝ» አለኝ በጆሮዬ። ፊልሙን የጻፈው እሱ ነው።

ቀረጻው ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። መስኮቱን ከባጃጅ ድምፅ በብርድ ልብስ ሸፍኛለሁ፤ ግድግዳው ላይ ሌላ ፍራሽ አቁሜአለሁ፤ ማይኩን በአጎቴ አፍ ልክ ሰቅያለሁ። አንድ ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ፎካሪ አንድ ቦታ አይቆምም። አጎቴ «ዘራ...» ብሎ ሲንደረደር «...ፍ» የሚለው ፍራሹ ጋ ይደርሳል፤ ማይኩ የሚይዘው የጀርባውን ድምፅ ነው። ማይኩን ጋቢው ላይ ሰካሁት፤ የጨርቅ ኮሽታ ብቻ ሰማሁ። በመጨረሻ ማይኩን በእጄ ይዤ፣ ፊቴን ወደ እሱ አድርጌ፣ እሱ ሲመጣ እያፈገፈግኩ፣ እሱ ሲመለስ እየተከተልኩ ቀረጽኩ። ዱላው አምፖሉን እንዳይመታ ሠዓሊዋ አምፖሉ ሥር ትራስ ይዛ ቆመች።

መጀመሪያ ላይ ድምፁ ዝጎ ነበር። ሳለ፣ ውሃ ጠጣ፣ ወረቀቱን አየ፣ «የልዑሉ አሽከር» አለ። ቃላቱ ትክክል ናቸው፤ ፉከራ ግን አልሆነም። እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ አነበበው። ደገመው። ሦስተኛው ላይ ወረቀቱን ለባልንጀራዬ መለሰለት፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ዱላውን አንዴ መሬት መታና ተነሳ።

«ዘራፍ! ዘራፍ! አካኪ ዘራፍ!
የአባ ቀልጥፍ አሽከር!
ጦር ከሰው የማይለምን፣ ጋሻ የማይበደር፣
ጌታው ቢሸሽ እንኳን፣ ደጁ ላይ የሚያድር!»

እኔ እያፈገፈግኩ ከቆመው ፍራሽ ጋር ተጋጭቼ ቆምኩ። ማይኩ ከእጄ አልወደቀም፤ በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። ግጥሙ በወረቀቱ ላይ አልነበረም። ስሙም አልነበረም።

አጎቴ ዓይኑን ገለጠ። «ልክ መጣ?» አለ።

የልዑሉን ስም እንዳልጠራ አላወቀም። እናቴን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ልክ መጣ፣ አያ» አልኩ።

እሱ ከወጣ በኋላ ባልንጀራዬ «አባ ቀልጥፍ ማነው?» አለ። ነገርኩት። «እንግዲህ ነገ ደውለን፣ ስሙ ተሳስቷልና አንዴ ይድገሙልን እንበላቸው» አለ። እናቴ ከበርጩማዋ ተነሳች። «ተሳስተሃል የሚለው ሰው ከዚህ ቤት አይወጣም!» አለች። ለባልንጀራዬ ከዚያ በፊት እንዲህ ተናግራው አታውቅም።

የቀረን መንገድ አንድ ነው። ፉከራው ፊልሙን ካልመሰለ ፊልሙ ፉከራውን ይምሰል። ልዑሉ ስሙ አባ ቀልጥፍ ይሁን ተባለ። ሲሉት ቀላል ነው። «ልዑሉ» ስትሉ ከንፈር ከከንፈር አይገናኝም፤ መስታወት ፊት ሞክሩት። «አባ ቀልጥፍ» ስትሉ ግን «ባ» ላይ ከንፈር ይገጥማል፣ «ፍ» ላይ የላይ ጥርስ የታች ከንፈርን ይነካል። ንጉሡ፣ ጅቡ፣ ሴት ልጁን ልድርለት የሚለው ባላባት፣ ሁሉም ልዑሉን ይጠራሉ፤ የሁሉም አፍ እንደገና መሳል ነበረበት፤ ድምፁንም እኔ እንደገና መናገር ነበረብኝ። ሠዓሊዋ አላጉረመረመችም። እንዲያውም ጃርት የፊት ጥርሱ ትልቅ ስለሆነ «ፍ» ከማንም በላይ ያምርበታል አለች፤ እውነት ነው። ልዑሉንም ቀልጥፍ በሚባል ፈረስ ላይ አስቀመጠችው። የፈረሱን አካሄድ እኔ ነኝ የሠራሁት፤ በቀስታ።

ሥራው ወደ ማለቁ ሲቃረብ ግን አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር። ልዑሉ ፈሪ ነው። ገና ጅቡ ሲጮህ ዘሎ ከጃርቱ ጀርባ ይገባል፤ እሾሁም ይወጋዋል። እኔ ደግሞ ይህን ፈሪ በአባቴ ስም ጠርቼዋለሁ። የአጎቴ መንደር ሰዎች በሞላ መጥተው ሊያዩት ነው። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ያን ስም በሠርግ ሲያስከብር ኖሯል። ድምፁን ላስመልስ ብዬ ጭራሽ ብቀብረውስ? ለእናቴ ነገርኳት።

ረጅም ሳቅ ሳቀች። «አባትህ ጅብ አይፈራም ያለህ ማነው?»

«ይፈራ ነበር እንዴ?»

«ጅብ በረቱ አካባቢ የጮኸ እንደሆነ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ይስብና፣ ‹ሂጂ፣ ወንድሜን አስጠሪልኝ› ይለኛል። አጎትህ ከቤቱ እየፎከረ ይመጣል። ጅቡ ፉከራውን ሲሰማ ይሄዳል። ጠዋት ሁለቱም ምንም እንዳልሆነ በሬ ጠምደው ይወጣሉ። ይህን ከሦስታችን በቀር ነፍስ አያውቅም፤ አጎትህ ለማንም ትንፍሽ አላለም።»

«እንዲያማ ከሆነ አስቀድመን እንንገረው። ሰው ፊት ሰምቶ ቢቆጣስ?»

«ከተቆጣ ድምፁ ወጣ ማለት ነው» አለች።

ያሳየነው እሑድ ከሰዓት፣ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። መጋረጃዎቹን ዘጋን፤ ነጭ አቡጀዲ ወጥረን ፕሮጀክተሩን ከኋላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን። ፊት ለፊት ልጆቹ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ከኋላቸው ወላጆች፤ ከደብረ ኤልያስ በሚኒባስ የመጡት ደግሞ መሀል አግዳሚ ወንበሮች ላይ። አጎቴ በመሀላቸው ነበር። እኔ ከኮምፒውተሩ ጋር ከሁሉም ኋላ ስለነበርኩ የማየው የጋቢውን ነጭና የራሱን ጀርባ ብቻ ነው።

ንጉሡ ለመጀመሪያ ጊዜ «ልጄ አባ ቀልጥፍ ይምጣ!» ሲል መሀል ወንበሮቹ ላይ ራሶች ዞሩ። የአጎቴ ራስ አልዞረም። ፈረሱ ሲመጣና ቢራቢሮ ሲቀድመው ልጆቹ ሳቁ፤ ከመንደሩ ሰዎችም አንዳንዶቹ ሳቁ። ከዚያ ጅቡ በባልዲው ድምፅ ጮኸ። ልዑሉ ዘሎ ከጃርቱ ጀርባ ገባ፤ ተወጋ፤ ጮኸ። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። በዚያ ሳቅ መሀል ከአጎቴ ኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«ምነው! የሰውዬውን ስም ለፈሪ ሰጡት?» አሉ።

ልጆቹ አሁንም ይስቃሉ። የአጎቴ ጋቢ አልተንቀሳቀሰም። እጄ ቁልፉ ላይ ነው፤ ላቁመው አላቁመው አላውቅም። ባልንጀራዬ ከበሩ በኩል በእጁ «ቀጥል» አለኝ። ቀጠልኩ፤ ፊልሙ ፉከራው ጋ ደረሰ። ጃርቱ የበቆሎ ጎፈሩን ነቀነቀ፣ ወደ ፊት ተንደረደረ፤ የአጎቴ ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

«ዘራፍ! ዘራፍ! አካኪ ዘራፍ! የአባ ቀልጥፍ አሽከር!»

አጎቴ ብድግ አለ።

«ተቀመጡ! አይታየንም!» አሉ ልጆቹ። እሱ ግን በወንበሮቹ መሀል እየሰነጠቀ ወደ ፊት ሄደ፤ ዱላውን ይዟል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ያዙት! ጨርቁን ሊቀደው ነው!» ሲል ሰማሁ። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ጥላው አቡጀዲው ላይ ወደቀ፤ ከጃርቱ ጎን ቆመ። ያን ጊዜ ፊልሙን አቆምኩት። ጃርቱ አንድ እግሩን አንስቶ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ።

አጎቴ ወደ ሰው ዞረ። የፕሮጀክተሩ ብርሃን መነጽሩ ላይ ስላረፈ ዓይኑ አይታይም። ዱላውን መሬት መታ።

«ዘራፍ! የአባ ቀልጥፍ አሽከር!» አለ። ይህ የፊልሙ ድምፅ አይደለም። ክፍላችን ውስጥ የቀረጽኩትም አይደለም፤ ያኛው የዚህ ልጅ ነው። «ዘራፍ! የፈሪው አሽከር!

ጅብ ሲጮህ ቢደበቅ፣ ማንስ አለ የማይፈራ፤
እሱ ፈርቶ አይደል ወይ፣ እኔን ያስጠራ!»

የከተማው ሰው የሰማው አንዱን ነው፤ ጌታዬ ስሜን አስጠራው፣ ዝናዬን አወጣው የሚለውን። ፊት የተቀመጠችው እናቴ ሌላውን ሰማች፤ በዚያ ጨለማ «ወንድሜን አስጠሪልኝ» የሚለውን። የመጀመሪያው እልልታ ከእሷ ወጣ። እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ እልል ስትል ሰምቼ አላውቅም። መሀል ወንበሩ ቀስ ብሎ ገባው፤ አንዱ ሌላውን በክርኑ ነካ፣ ሳቅ ተነሳ፣ እልልታው ተቀበለው። «የሰውዬውን ስም» ያሉት ሽማግሌ ተነስተው፣ ጋቢያቸውን አውልቀው ወደ ፊት ወረወሩለት። አጎቴ ወደ ፊት ሮጠ፣ ተመለሰ፣ ዘለለ። የሱ ጥላ ከቆመው ጃርት በላይ ወጣ፣ ወረደ። ልጆቹ «ይደገም! ይደገም!» እያሉ መሬቱን በእጃቸው ይመታሉ።

ሁለተኛ ግጥም ጨመረ፤ ሦስተኛውን ብሎ ዱላውን ወደ ላይ ሲያነሳ፣ ጊዜው መሰለኝና ፊልሙን ለቀቅኩት። ጃርቱ እግሩን አወረደና ከአጎቴ ኋላ፣ በራሱ በአጎቴ ድምፅ፣ «ጌታው ቢሸሽ እንኳን፣ ደጁ ላይ የሚያድር!» ብሎ መለሰለት። አዳራሹ ፈረሰ ማለት ይቀላል። አጎቴ ዞሮ ጃርቱን አየው። ጃርቱ አንድ እሾህ ነቅሎ ወረወረ። አጎቴም ዱላውን ወደዚያው ወደ ጅቡ አቀና። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ጅቡን አባረሩት። ልዑሉ ከፈረሱ ወርዶ ነጋሪቱን በራሱ እጅ ሲያነሳ የሰማው የለም፤ የዚያን ትዕይንት ድምፅ ለማስተካከል ብዙ ደክሜ ነበር። ምንም አልከፋኝም።

ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «እንዴት አድርጋችሁ አቀናጃችሁት?» ይለኛል። አላቀናጀነውም ስል አያምኑም። ሠዓሊዋን ከዚያ ወዲህ ሉማሜ ላይ ለልጆች እንድታሳይ ጠርተዋታል፤ ባልንጀራዬ ሁለተኛውን ታሪክ መጻፍ ጀምሯል፤ በአሽከር ጉዳይ ከእንግዲህ ክርክር የለንም። አጎቴ በመጣው ሠርግ ሁሉ ይጠራል፤ አንድም አልቀረበትም። ገበያ ሲወጣ ልጆች «አያ ጃርት! አያ ጃርት!» እያሉ ይከተሉታል። «ጃርትስ እናንተ! ድንች ጨራሾች!» ብሎ ዱላውን ያነሳባቸዋል፤ ሲሸሹለት ግን ደረቱ እንዴት እንደሚነፋ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ጎድሎኛል። ሦስተኛውን ግጥም አልሰማሁትም። እኔ ኋላ ነበርኩ፤ ጆሮዬም ፊልሙ ላይ ነበር። በስልክ የቀረጹ ሰዎች ልከውልኛል፤ በሁሉም ላይ ያለው እልልታ ብቻ ነው። ሠዓሊዋ «ስለ ድንቹ ነው የተናገረው» ትላለች። ባልንጀራዬ «የለም፣ ስለ እናትህ ነው» ይላል። እናቴን ስጠይቃት ትስቅና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አጎቴን ራሱን ጠየቅኩት፤ «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ጃርቱን ጠይቀው» አለኝ። እንግዲህ በዚያ እሑድ ከፊት፣ መሬት ላይ የተቀመጣችሁ ልጆች ከሁሉም ትቀርቡ ነበር። ጋቢዎን የወረወሩት አባትም ምናልባት ሰምተው ይሆናል። ከበሩ በኩል ቆመው የነበሩት ሁለት ሴቶች ሳቃቸው ከሌላው ሰው ቀድሞ ነበር፤ አንድ ነገር ሳይሰሙ አልሳቁም። ያስታወሰ ይንገረኝ፤ የተሳሳትኩትም ካለ ያርመኝ። ሙሉውን ያልያዘ ሰው ቤት መምቻውን ብቻ ቢነግረኝ እንኳ ይበቃኛል።